እንጉርጉሮ ምን ማለት ነው? ከሙሾስ በምን ይለያል?

የወፍጮ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ቃል ከአክስቴ ጋር ተጣልቼ ነው ወደዚህ የመጣሁት።

ያረፈች አያቴ ድምፅ በካሴት አለን። ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ያለ ገጠር ነው። አጎቴ ተማሪ ሳለ ከከተማ ይዞት የመጣውን ቴፕ ሳታየው ጓዳ ውስጥ ከእህል ጆንያ ጀርባ አስቀምጦ ነው የቀዳት። ትፈጫለች፤ እየፈጨችም ታዜማለች። ባለፈው ወር ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥኩና ፋይሉን «የአያቴ ሙሾ» ብዬ ለቤተሰቡ ሁሉ ላክሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አክስቴ ደወለች። «ማን ሞቶ ነው ሙሾ ያልሽው? ያን ጊዜ አባቴም ወንድሞቼም ደህና ነበሩ። በይ ስሙን ለውጪ!» አለችኝ። «ታዲያ ምን ልበለው?» ስላት «እንጉርጉሮ ነዋ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ለወጥኩት። ቃሉ ግን አላሳረፈኝም። እኔ የማውቀው ማንጎራጎር ሰው ልብስ ሲያጥብ ወይም ብቻውን መንገድ ሲሄድ አንድ ዘፈን ከንፈሩን ሳይከፍት የሚያሰማውን ነው። ደስ ብሎትም ሊሆን ይችላል። አያቴ ላይ የምሰማው ግን ሆድ ያባባል። መጁ ሲሄድ ድምፅዋ ይሰምጣል፤ መጁ ሲመለስ ብቅ ይላል። ጥርት ብሎ የሚሰማኝ ይህ ነው፦

የወፍጮዬ ድምፅ ይሰማል ከሩቅ፣
የኔን ማን ሰማው ስወጣ ስወድቅ።

ይህ እንጉርጉሮ ከሆነ ቃሉ ከየት መጣ? ሐዘኑ ከመነሻው በቃሉ ውስጥ ያለ ነው ወይስ እኛ የጨመርንበት? የምታውቁ እባካችሁ።

ማለዳ

አክስትሽ ልክ ናቸው። ሙሾ ሟች ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ሰው ሳይሞት ሙሾ ብሎ መጥራት እንደ ሟርት ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ መደንገጣቸው አይግረምሽ።

ልዩነቱ በአሠራሩም ይታያል። ሙሾ ይወረዳል እንጂ አይንጎራጎርም። አውራጅ አለው፣ ተቀባይ አለው። ልጅ ሆኜ ያየሁት አንድ ለቅሶ እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። አስለቃሿ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሐል ቆማ ነበር። የሟቹን በሬዎች በየስማቸው እየጠራች «እንግዲህ ማን ይጥመዳችሁ» ስትል፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። የሟቹ ታላቅ ወንድም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደ ድንጋይ ደርቀው ነው የቆሙት። የበሬው ስም ሲጠራ ግን ጉልበታቸው ከዳቸውና ተንሰቅስቀው አለቀሱ። የሙሾ ሥራ ይህ ነው፤ እንባው የታገደበትን ሰው ማስለቀቅ። ባለሙያዋን «አልቃሽ» ብቻ ሳይሆን «አስለቃሽ» የምንላትም ለዚህ ነው።

አያትሽ ግን ማንንም እያስለቀሱ አልነበረም። ግጥማቸው ራሱ ሰሚ የለኝም ነው የሚለው።

ዘጽጌ

የወፍጮ ልጅ፣ ጥያቄሽ መልካም ነው። ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ስለ ተቀመጥኩ ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ቃሉ ከግእዝ ነው። ግሱ «አንጐርጐረ»፣ ስሙ «ነጐርጓር» ይባላል። ትርጉሙ ግን ዜማ አይደለም፤ የከፋውን ነገር አውጥቶ ሳይናገሩ በጉሮሮ ማጉተምተም ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16ን ክፈቺ። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ ሲርባቸው በሙሴና በአሮን ላይ ምን አደረጉ? በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አንጐራጐሩ» ነው የሚለው። ያ የተራበ ሕዝብ እየዘፈነ አልነበረም።

አሁን ነጐርጓርን ከነጐድጓድ አጠገብ አስቀምጪው። አንጐድጐደ ብሎ ነጐድጓድ፣ አንጐርጐረ ብሎ ነጐርጓር። ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በ«ደ» እና በ«ረ» ብቻ። ሁለት ፊደል እየተደጋገመ፣ ከፊቱ «ን» እየገባበት የሚሠራ ግስ በአማርኛም ሞልቷል፦ አንኳኳ፣ አንሾካሾከ፣ አንጠባጠበ፣ ተንቀጠቀጠ። አብዛኞቹ ድምፅን ወይም የማያቋርጥ እንቅስቃሴን የሚናገሩ ናቸው። ቃሉን ስትጠሪው ነገሩ ራሱ ይሰማሻል። «ጠብ ጠብ» ሳትሰሚ «አንጠባጠበ» ማለት አትችይም። እንጉርጉሮም እንደዚያው ነው፤ መደጋገሙ በውስጡ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚባል እንጉርጉሮ የለም፤ ያው ሐሳብ ሄዶ ይመለሳል፣ ልክ እንደ መጁ።

ስለዚህ ሐዘኑን እኛ አልጨመርንበትም። ከመነሻው ቅሬታ ነበረው። እኛ የጨመርንበት ዜማውን ነው።

አዲስ ተማሪ

መምህር ዘጽጌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ከጉሮሮ ስለሚወጣ እንጉርጉሮ ተባለ ሲሉን ነው ያደግነው። ሌላ ሰው ደግሞ «ጎረጎረ» ከሚለው ነው፣ ሐዘን ሆድን ሲጎረጉር ነው አለኝ። የትኛው ነው ትክክሉ?

ዘጽጌ

ጉሮሮ በግእዝ «ጕርዔ» ነው፤ በዐይኑ «ዐ» ይጻፋል። አንጐርጐረ ላይ ያ «ዐ» የለም። አማርኛ እንዲህ ያሉትን የጉሮሮ ፊደላት በአነጋገር ይጥላቸዋል፤ ግእዝ ግን በጽሕፈቱ ጠብቆ ያቆያቸዋል። ስለዚህ አንዱን የሌላው አባት ማድረግ ያስቸግራል። ሁለቱም የዚያኑ የጉሮሮ ድምፅ የሚመስሉ ስለሆኑ ጆሮ ቢያዛምዳቸው አልፈርድበትም።

«ጎረጎረ» የሚለው ያምራል። ግጥም ውስጥ ብታስገባው ደስ ይለኛል። ነገር ግን መጎርጎር የእጅ ሥራ ነው፤ ጉድጓድ በእንጨት መነካካት፣ ኪስ መፈተሽ። አንጐርጐረ ደግሞ በግእዝ ጽሑፍ ውስጥ የምናገኘው የአፍ ቃል ሆኖ ነው።

ሰናይ

ከትግርኛ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ለሟች የሚገጠመውን «መልቀስ» እንለዋለን። ከአማርኛው ለቅሶ ጋር ሥሩ አንድ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ነገር ግን በአማርኛ ለቅሶ በጣም ሰፍቷል። እንባውም ለቅሶ ነው፣ ሐዘን ቤቱም ለቅሶ ነው፣ «ለቅሶ ልደርስ ነው» ትላላችሁ። ግጥሙን ለብቻው ለመጥራት ሌላ ስም ያስፈለጋችሁ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። በእኛ ግን መልቀስ ግጥሙን ይዞ ቀረ።

ሀገር ሰው

ዘጽጌ፣ ማብራሪያህ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። በሙሴ ላይ የተነሣ ሕዝብና ወፍጮ ላይ ተደፍታ የምታዜም እናት እንዴት በአንድ ቃል ይጠራሉ? የመጀመሪያው ቁጣ ነው፣ ሁለተኛው ሐዘን። በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ሁለት ቃላት ቢሆኑስ? ዛሬ እኮ «ሠራተኞቹ በአለቃቸው ላይ አንጎራጎሩ» የሚል ሰው የለም። «አጉረመረሙ» ነው የምንለው።

ዘጽጌ

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ መልሱን ይዞታል። ሁለቱ ቃላት ሥራ ተከፋፈሉ። ቅሬታውን «አጉረመረመ» ወሰደው፤ በኋላ የወጡ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞችም እሱን ወደ መጠቀም አዘንብለዋል። «አንጎራጎረ» ለዜማው ቀረ። ድሮ ግን አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ።

እንዴት አብረው እንደ ኖሩ ለማየት የድምፁን መጠን ተመልከት። ቁጡ ሰው ይጮኻል፤ ሐዘንተኛም ዋይ ይላል። የሚያንጎራጉር ግን አይጮኽም። ዘዳግም ምዕራፍ 1 ላይ ሙሴ ምድሪቱን ሊያዩ ሰላዮች በተላኩ ጊዜ የሆነውን ሲያስታውሳቸው፣ በድንኳኖቻቸው ውስጥ ሆነው እንዳጉረመረሙ ነው የሚነግራቸው። ልብ በል፣ በአደባባይ አይደለም፤ ሙሴ ፊት ቆመውም አይደለም። እያንዳንዱ በድንኳኑ፣ ባለ ጉዳዩ በማይሰማበት። ከሳሽ አለ፣ ክስ አለ፣ ዳኛ የለም። የወፍጮ ልጅ አያትም ጓዳ ውስጥ ናቸው፤ ድምፃቸውን ወፍጮው ይሸፍንላቸዋል። ቁጣና ሐዘን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ መልካቸው አንድ ይሆናል።

ለዚህ ነው እንጉርጉሮን ከ«ለኆሳስ»ም መለየት ያለብን። ለኆሳስም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ ቅዳሴ ላይ ካህኑ በለኆሳስ የሚጸልየው አለ። ለኆሳስ ግን ሰሚ አለው፤ እግዚአብሔር ይሰማዋል ተብሎ ነው የሚባለው።

ሀገር ሰው

የድንኳኑ ነገር አሳመነኝ። እናቴ ስትነግረኝ፣ እሷ በሙሽርነቷ ለአማቷ ቀና ብላ መመለስ አትችልም ነበር። የሚሏትን ሁሉ እሺ ብላ ትሰማና ማታ ወፍጮ ላይ ስትቀመጥ ለድንጋዩ ትነግረዋለች። አማቷ ከውጭ ሆነው ዜማውን ይሰማሉ፣ ቃሉን አይሰሙም። «ምን አልሽ?» ቢሏት «እያንጎራጎርኩ ነው» ማለት ይበቃታል። ቅሬታም ዜማም የሆነ ቃል ባይኖር ይህን መልስ መስጠት አትችልም ነበር።

የወፍጮ ልጅ

ሀገር ሰው፣ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እናትህን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።

ሁላችሁንም ላስቸግርና፣ ሌሎቹስ? ዋይታ፣ እሪታ፣ እዬዬ፣ ሰቆቃ፣ ማላዘን። አክስቴ ስትቆጣ «ማላዘን ደግሞ እንዳትዪው፣ የሚያላዝን ውሻ ነው» ብላኛለች። እኔ ግን ማላዘን ከሐዘን የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ማለዳ

ቀላሉን እኔ ልውሰድ። ዋይታ፣ እሪታ፣ ኡኡታ ሦስቱም የተሠሩት በአንድ መንገድ ነው። ሰው የሚያወጣውን ድምፅ እንዳለ ትወስጂና «ታ» ትጨምሪበታለሽ። ዋይ ያለ ዋይታ አሰማ፣ እሪ ያለ እሪታ፣ ኡኡ ያለ ኡኡታ። እልል ያለም እልልታ። ደስታውና ሐዘኑ አንድ ሰዋስው ነው ያላቸው፤ የሚለየው አፍ ላይ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም። ዋይታ ለደረሰ ሐዘን ነው። እሪታና ኡኡታ ድረሱልኝ አለባቸው፤ ቤት ሲቃጠል ዋይ አትዪም፣ ኡኡ ነው የምትዪው።

እዬዬ «ታ» ሳያስፈልገው ስም የሆነ ነው። «እዬዬም ሲደላ ነው» የሚለውን ተረት ታውቂዋለሽ። አያቴ ይህን ተረት የሚሉት ለቅሶ ላይ ሳይሆን ሥራ ሲበዛባቸው ነበር። ቁጭ ብሎ ለማልቀስም ጊዜና አቅም ያሻል ማለታቸው ነው። አሁን የእናንተን ጽሑፍ ሳነብ የገባኝ፣ ያ ጊዜ የሌለው ሰው ሥራውን ሳያቋርጥ የሚያለቅሰው እንጉርጉሮን ነው። እጁ አይፈታም፤ መጁን እንደ ያዘ ነው።

ዘጽጌ

ማለዳ፣ የመጨረሻውን ሐሳብ እኔ ባልኩት ብዬ ቀናሁ።

ማላዘንን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚያሳስተው «አላዘነ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር መምሰሉ ነው። ውሻው አላዘነ (ጮኸ)፤ ሰውየው አላዘነም (ሐዘን አልተሰማውም)። ጆሮ ላይ አንድ ናቸው። አርእስቱን ስታወጪ ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው «ማላዘን» ነው፤ ሁለተኛው «አለማዘን»። ያላዝናል፣ አላዝኖ፣ እያላዘነ ብለሽ ብታረቢው «ለ» ከቃሉ አይወጣም። እንግዲያው «ለ» የሥሩ ፊደል ነው፤ አፍራሽ አይደለም። «አዘነ» ደግሞ በግእዝ «ሐዘነ» ነው፤ ሥሩ በ«ሐ» ይጀምራል፣ «ለ» የለውም። ስለዚህ ድምፃቸውም ስሜታቸውም ቢቀራረብ አንዱን ከሌላው አላወጣውም።

አክስትሽ መቆጣታቸው ግን የቋንቋውን ወግ የሚያውቅ ሰው ቁጣ ነው። ማላዘን ድምፁን አስረዝሞ ማሰማት ነው፤ ለሰው ሲባል ስድብ አለበት፣ «ምን ያላዝናል!» እንደምንለው። ሰሚውን የሚያሰለች ለቅሶ። እንጉርጉሮ ማንንም አያሰለችም፤ ሰሚ አልጠራማ።

ሰቆቃ ሌላ ታሪክ አለው። በግእዝ «ሰቆቀወ» አለቀሰ፣ ሙሾ አወረደ ነው። «ሰቆቃወ ኤርምያስ» አምስት ምዕራፍ ሙሉ ለፈረሰችው ኢየሩሳሌም የተለቀሰ ነው። «ሰቆቃወ ድንግል» ደግሞ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ ስትሰደድ የደረሰባትን እያነሣ የሚያለቅስ ሲሆን፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በዘመነ ጽጌ ከማኅሌተ ጽጌ ጋር ይባላል። እኔም ይህን ስም የመረጥኩት ያን ሌሊት ስለምወደው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከበሮና ጸናጽል እያለ በመሐሉ ሰቆቃው ሲመጣ የሊቃውንቱ ፊት ይለወጣል።

በዛሬው አማርኛ ግን ሰቆቃ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ መከራው ራሱ ሆኗል። «ሰቆቃ ደረሰባቸው» እንላለን። የልቅሶው ስም ለተለቀሰለት ነገር ስም ሆነ። ብዙ ሰው ከ«ሥቃይ» የተወለደ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሥቃይ በንጉሡ «ሠ»፣ ሰቆቃው በእሳቱ «ሰ» ነው፤ ፊደሉን የሚጠብቅ ሰው አያምታታቸውም።

አዲስ ተማሪ

መምህር፣ እንጉርጉሮም አንድ ቀን እንዲህ ትርጉሙን ይለውጥ ይሆን? አሁን የእኔ ጓደኞች ለማንኛውም ቀስ ያለ ዘፈን «እንጉርጉሮ» ይላሉ። መድረክ ላይ በማይክሮፎን ሺህ ሰው ፊት የተዘፈነውንም።

ዘጽጌ

እየተለወጠ ነው። ቃል ይሄዳል፤ ከነጐርጓር እዚህ የደረሰውም ሄዶ ነው። እኔ በበኩሌ ሺህ ሰው ፊት ለሚዘፈነው ሌላ ስም ቢገኝለት እወዳለሁ።

ባለ አሥር አውታር

ዘግይቼ ገባሁ። በገና እደረድራለሁ፤ ከሙያዬ አንድ ነገር ብቻ።

በገና አሥር አውታር አለው። እያንዳንዱ አውታር በርኩማው ላይ ሲያርፍ ከሥሩ «እንዚራ» የምንላት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ የሚነዝር፣ እንደ ንብ የሚል ድምፅ የሚወጣው ከእሷ ነው። እንዚራዋ ካልተስተካከለች አውታሩ ዝም ይላል ወይም ይደርቃል፤ እኔ አንዳንድ ቀን ከመደርደሬ ይልቅ እንዚራ ሳስተካክል የማጠፋው ጊዜ ይበልጣል። ሲስተካከል ግን ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ስማር የተነገረኝ የመጀመሪያ ነገር «ድምፅህን ከአውታሩ በላይ አታውጣ» የሚል ነው። በሁዳዴ የምንለው ስለ ሞት፣ ስለዚህ ዓለም ከንቱነት ነው፤ ግን አንጮህበትም። የሚሰማው ሰው ጆሮውን አስጠግቶ ነው ቃሉን የሚለየው።

የወፍጮ ልጅ «መጁ ሲሄድ ድምፅዋ ይሰምጣል» ስትዪ እጄን ከአውታሩ ላይ አንሥቼ ነው ደግሜ ያነበብኩት። አያትሽ ወፍጮውን እንደ በገና ይዘውት ነበር።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድምፃቸው የሚቋረጥበት ቦታ አለ? ወፍጮው ሳይቆም እሳቸው ብቻ ዝም የሚሉበት?

የወፍጮ ልጅ

አለ! እኔ ካሴቱ ተበላሽቶ ነው ብዬ ነበር። አጋማሹ ላይ ድምፅዋ ጥፍት ይላል፣ ድንጋዩ ግን ይቀጥላል። አሁን ደግሜ ሰምቼ እመለሳለሁ።

የወፍጮ ልጅ

ይቅርታ፣ አራት ቀን ቆየሁ። ለብቻዬ ልሰማው አልፈለግሁም፣ አክስቴ ጋ ሄጄ አብረን ሰማነው። አንድ አንድ ማዳመጫ በጆሯችን አድርገን ተቀመጥን። ግጥሙ ላይ ስትደርስ አክስቴ ከንፈሯን ነከሰች። ስለ ሙሾውም ሳልጠይቃት ራሷ አነሣችው። «ሙሾ ቢሆን ኖሮ ሰው ሲመጣ ነበር ድምፅዋ ከፍ የሚለው። እሷ ግን እኛ ስንገባ ዝም ትል ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ። አያቴ «ማን ሰማው» ብላ «ስወጣ» ከማለቷ በፊት ተቋረጠች። አክስቴ እጇን አነሣች፣ ድምፁን ጨምሪ ማለቷ ነው። ጨመርኩ። ከወፍጮው ሥር፣ በጣም ርቆ፣ የበር መንሻተት ይሰማል። ከዚያ የትንሽ ልጅ ድምፅ፦ «እማዬ፣ ራበኝ።» አያቴ ምንም አልመለሰችም። መጁ ብቻ ፈጠነ።

አክስቴ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች። «ያቺ እኔ ነኝ» አለች።